ጡቡ ውስጥ ያለችው ልጅ

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ውስጥ ጡብ ሠሪ ነበርኩ። የራሴን ቤት ለመሥራት ከከተማው ወጣ ካለ ቁልቁለት ላይ ቀይ አፈር ከባለርስቱ ገዛሁ። አንድ ቀን ጭቃውን በእግሬ ሳቦካ ለሕፃን እጅ ብቻ የሚበቃ የናስ አምባር አገኘሁ። መቃብር መሆኑን ልቤ ጠረጠረ። ሥራዬ እንዳይቆም ብዬ ግን አምባሩን ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ ጡቦቹን በፎርማ አወጣሁ፤ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ከምሬ፣ በእንጨት እሳት አቃጠልኳቸው። ቤቱም አምሮ ቆመ።

በገባን በሳምንቱ አንዲት የጌዴኦ አሮጊት መጥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«አፈር ያወጣህበት ቦታ ልጄ ተቀብራ ነበር» አሉኝ። «ባለርስቱ ሲሸጥልህ እኛን አልጠየቀም። አምባር አላገኘህም?»

«አላገኘሁም፣ እማማ።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ እዚህ ናት» አሉና ግድግዳውን ዳበሱ።

ከዚያ ወዲህ ለገበያ በመጡ ቁጥር ጎራ ይሉ ነበር። ሚስቴ ወንበር ታወጣላቸዋለች፤ እሳቸውም ግድግዳውን ተደግፈው በጌዴኦኛ ቀስ ብለው ያወራሉ። እኔ ድምፃቸውን ስሰማ በጓሮ በኩል እወጣለሁ።

«ምን አድርገውህ ነው የምትሸሻቸው?» አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን። ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያም «ለእሳቸው ንገራቸው» አለችኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ገበያተኛው ሁሉ አለፈ። እሳቸው ግን ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አልመጡም።