ሦስት ሜትር መጋረጃ

የባሌ ታናሽ ወንድም ጡረታ ወጥቶ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ሲመለስ ያመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ከረጢት የጎልፍ ዱላ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። በቀብሩ ማግስት ይኸው ወንድሙ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ያውቀዋል። ቤቱ እስከ ዛሬ በአባታቸው ስም ስለሆነ ግን አትግባ ማለት አልቻልኩም።

በከተማችን የጎልፍ ሜዳ ስላጣ ሳሎኑን ሜዳ አደርገዋለሁ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ፕሮጀክተሩ የሜዳ ምስል ይጥልበታል፣ ሰውዬው ኳሷን ወደ መጋረጃው ይመታል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የት እንደደረሰች ይነግረዋል። እሱ እንደሚለው ከሆነ ሁልጊዜ ሩቅ ነው የምትደርሰው።

መጋረጃውን ጨንቻ ድረስ ወጥቶ አሸመነ፤ እንደ ቡልኮ የወፈረ፣ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ጥጥ። ፕሮጀክተሩን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ገዛ፤ ከአዳራሽ ጀርባ ሆኖ የመዝሙር ግጥም ሲያሳይ የኖረ ነው። ለአዳራሽ የተሠራ ዕቃ አዳራሽ ይፈልጋል። ምስሉ በአንድ ሜትር እንዲሰፋ ፕሮጀክተሩ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ መራቅ አለበት፤ ሳሎናችን ደግሞ ከአራት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ምስሉ መጋረጃው መሃል ላይ ተኮማትሮ ቀረ። ቢሮ ሙሉ ሰው ሲያዝ የኖረው ሰውዬ ከመግዛቱ በፊት ክፍሉን መለካት አላሰበም።

“እትዬ፣ ይቺ ግድግዳ ብትነሳ እኮ ይበቃል” አለኝ።

ከግድግዳዋ ወዲያ ያለው የእኔ መኝታ ክፍል ነው። ባሌን ያስታመምኩበት ክፍል።

“እኔስ የት ልተኛ?”

“የጓሮዋ ክፍል ትጸዳለቻ።”

የጓሮዋ ክፍል ከላንቴ የሚመጣ ሙዝ የሚበስልባት ናት።

“መጋረጃውን እጠፈው። ምስሉ የሚሞላውን ያህል ብቻ አስቀር።”

“ሁለት ሜትር ላይ ጎልፍ? ሰው ምን ይለኛል!”

ተማሪ ሳለ ልብሱን አጥቤ አጣጥፌ የሰጠሁት ልጅ ነው። ማጠፍ ያኔም አይወድም ነበር።

ግንበኛ ላመጣ ነው ሲል የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራሁ። መከራከር ትቶ ሊያሳያቸው ፈለገ፤ መጋረጃው ሞልቶ ካዩ የሚፈርዱለት መስሎታል። የመኝታ ክፍሌን ሰፊ በር ወለል አድርጎ ከፈተና ፕሮጀክተሩን ሳይጠይቀኝ አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። ምስሉ በበሩ አልፎ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ክፍሌ አበቃላት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ዱላውን ይዞ መሃል ላይ ቆመ። ብርሃኑ ከኋላው ነው። ሜዳው ጠፍቶ መጋረጃው ላይ የእሱ ጥላ ብቻ ታየ፤ ትከሻ፣ ቦርጭ፣ ዱላ።

“ሜዳው የታለ?” አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

“ከጥላው ጀርባ ነው፣ አባቴ” አለ።

“እንግዲህ ወንድሜ፣ የእህታችንን ክፍል የምታፈርሰው ጥላህ እንዲሰፋልህ ነው?”

ሌሎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ምንም ፍርድ አልሰጡም፤ ያ ሳቅ በቃው። ፕሮጀክተሩን ከአልጋዬ ላይ አነሳ።

አሁን ፕሮጀክተሩ ሳሎኑ ጫፍ፣ ኮርኒሱ ሥር ተሰቅሏል። መጋረጃውንም ራሱ አጥፎታል። እጥፋቱ ጠማማ ነው፤ ላስተካክልለት አልተነሳሁም። ቁምሳጥኔን ገፍቼ ክፍሌን ከሳሎኑ በሚያገናኘው በር ላይ አስደግፌዋለሁ፤ የምወጣው የምገባው በክፍሌ የጓሮ በር ነው።