በቅናት የገዛሁት ራውተር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የኢንተርኔት ባለሙያው ቤቴ መጥቶ፣ የገዛሁትን ራውተር ገልበጥ አድርጎ አየና ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«እህቴ፣ ይሄ ለስልክ መስመር የተሠራ ነው። አሁን የምታስገቢው ፋይበር ነው... አይቀበለውም።»

ትክክለኛውን ሳልጠይቅ የገዛሁት በቅናት ነው። ልናገረው።

እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ ከሳጉሬ መጥታ አሰላ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ግን ከሥራ ስገባ አላገኛትም። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ አለች፤ ሲስተር ብርቱካን። እናቴ እሷ ቤት ናት። እሷም እናቴን «እማዬ» ነው የምትላት... እማዬ የኔ ናት እኮ።

እናቴ እዚያ የምትሄደው ለኢንተርኔቱ መሰለኝ። የሲስተር ብርቱካን ፋይበር ነው፤ የኔ በአሮጌው የስልክ መስመር፣ አንድ ዘፈን እስኪከፍት ሦስቴ የሚቆም። ስለዚህ እኔም ፋይበር አመለከትኩ። የቱ ራውተር እንደሚሆን እሷን መጠየቅ ነበረብኝ... አፌ እምቢ አለኝ። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ገብቼ አንቴናው የበዛውን አንስቼ ወጣሁ።

ባለሙያው ሲሄድ ሲስተር ብርቱካን ሰምታ ኖሮ መጣች።

«ነይ፣ አብረን ሄደን እናስቀይረው» አለችኝ። ሱቅ ውስጥ የእያንዳንዱን ጀርባ እያየች፣ የፋይበር መሰኪያ ያለውን መርጣ ሰጠችኝ። አመሰገንኳት። ከልቤ ግን አልነበረም።

ሰኞ ኢንተርኔቱ ሠራ። ትናንት ከሥራ ስገባ ለእናቴ የምትወደውን የኦሮምኛ ዘፈን ከፈትኩላት። አንድም ጊዜ አልቆመም። ግማሹን ሰማችና ነጠላዋን አነሳች።

«አሁንማ እዚህም አለ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ኢንተርኔቱ።»

«ለሱ መቼ ሄድኩ? ኦሮምኛ እያስተማርኳት ነው። ከገጠር የሚመጡ ታማሚዎች የሚሏት አልገባ እያላት ተቸግራለች። የምላትን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አየችኝ።

«አንቺ ስትገቢ ስልክሽን ነው የምታዪው፣ ልጄ» አለች... ሳትቆጣ። ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ የሲስተር ብርቱካን ድምፅ መጣ፣ በጎጃም ቅላጼ... «ኤሳ ሲ ዱኩባ?» የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ማለት ነው።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ መልሱን አውቀው ነበር።