ላይ ደርሰህ ተንፍስ

ለቅሶ የመጡ ሰዎች ስለ ታላቅ እህቴ ሲያወሩ «የገደላቸው ያ ዳገት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ውሸት ነው! እትዬን እስከ እርጅናዋ በእግሯ ያቆማት ዳገት ነው።

ልጆች ሆነን አባታችን ለሥራ ስኮትላንድ ወስዶን ያደግነው አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ነው። ቤታችን ከባሕሩ ዳር ሽቅብ የሚወጣው የድንጋይ መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔ መሃል ላይ ቆሜ አለከልካለሁ። እትዬ ቦርሳዬን ትነጥቀኝና ቀድማኝ እየወጣች «እዚያ አትቁም! ላይ ደርሰህ ተንፍስ!» ብላ ትጮህብኛለች።

አሜሪካ፣ ሲያትል መጥታም አልተለወጠችም። ካፒቶል ሂል የሚባለውን የሰፈራችንን ዳገት በምርኩዝ ስትወጣ የአገራችን ልጆች መኪና አቁመው «እማማ፣ ራይድ ልስጥዎት?» ይሏታል። «ዳገቱን ታዲያ ማን ሊወጣልኝ?» ብላቸው ትሄዳለች። ልጇ «ማም፣ ፕሊስ!» እያለች ብትለምናትም አልሰማችም።

ከቀብሯ ማግስት ያንን ዳገት ብቻዬን ወጣሁት። መሃል ላይ እንባ ተናነቀኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጫፉ ላይ ምርኩዟን ተደግፋ የምትጮህብኝ የለችም።

ቢሆንም አልቆምኩም። ያለቀስኩት ላይ ደርሼ ነው።