የባዩሚ ገንቦ

ባዩሚ በካይሮ፣ ሰይዳ ዘይነብ ሰፈር፣ ኤርቅሱስ የሚባለውን ጥቁር መጠጥ ሲሸጥ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ትልቁን የነሐስ ገንቦ በጠፍር ሆዱ ላይ አስሮ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ፣ በአንድ እጁ ጽናጽል እያንሿሿ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዞ ይዞራል። ከሩቅ ሲያዩት ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ይመስላል፤ እንዲህ ሲሉት ደግሞ ደስ ይለዋል።

ዘንድሮ ዳሌው ተሰብሮ ብረት ገባለት። የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ኔርሚን ስማርት ስልኳን ወገቡ ላይ በቀበቶ አስራ አስኬደችው። ስልኩ እርምጃውንና መንገዳገዱን ለክቶ ቁጥር ይሰጣል። ሰባ ካልሞላ ወደ ሥራ መመለስ የለም። የባዩሚ አርባ አንድ ሆነ።

«ዱላ ይያዙ፣ ዓም ባዩሚ» አለችው፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

«አንዱ እጄ ጽናጽል ይዟል፣ አንዱ ብርጭቆ። ሦስተኛውን ከየት ላምጣልሽ፣ ዶክቶራ?»

ሚስቱ ኢንሺራህ ጣልቃ ገባች። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቤት ከዋለ አንዳችን እንሞታለን። እኔ ደግሞ ገና ነኝ።»

ኔርሚን ወገቡ ላይ የሚያስረው ስልክ ለሳምንት አውሳ ሸኘችው። ሲመለስ የሌላው ቀን ሁሉ አርባ ገደማ ሆኖ፣ የሐሙሱ ቁጥር ብቻ ሰባ ስምንት ነበር።

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሐሙስ ዕለት ስልኩን የትኛው ጎረምሳ ላይ አሰሩት?»

ባዩሚ በዕድሜው ብዙ ዋሽቷል፤ ሐሙስም ሳይፈቀድለት ተደብቆ ሥራ ወጥቶ ነበር። ስልኩ ግን ከወገቡ አልወረደም። ባላጭበረበረበት ቀን አጭበርባሪ መባል አንገበገበው።

በማግስቱ ገንቦውን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ጽናጽሉን እያንሿሿ ክሊኒኩ ገባ። ኔርሚን እየሳቀች ስልኩን አሰረችለት። ኮሪደሩን ደርሶ መለስ አለ፤ ሰባ ስምንት። ገንቦውን አውርዶ ሲሞክር ተንገዳግዶ ግድግዳ ያዘ፤ አርባ ሦስት። ለካ ወገቡ ያን ሁሉ ዓመት ገንቦ ሲሸከም ኖሮ ባዶውን መቆም ረስቷል። ሳቋ ጠፋ።

ባዩሚ ግድግዳውን እንደያዘ፣ «ያለሱ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ» አላት ቀስ ብሎ።

ቅጹ ላይ «የመሄጃ ድጋፍ» የሚል መስመር አለ። ብዙ ጊዜ ዱላ ወይም ክራንች ይጻፍበታል። ኔርሚን «ገንቦ» ብላ ጻፈችና አነበበችለት።

«ሙሉ የሚለውን ጨምሪበት» አላት ጠፍሩን እያጠበቀ። «ጎዶሎው እየተንቦጫረቀ ሰው ይጥላል።»

ጨመረችበት።