ጋዋን እያጠብኩ የጨረስኩት ጌም

ያቺን ዜማ ስሰማ እስከ ዛሬ ጣቶቼ የሚጨማደዱ ይመስለኛል። ውኃ ሳልነካ የደረቅ ሳሙና ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፣ ወገቤን ይይዘኛል፣ ከዚያ ደሜ ይፈላል። ባለፈው እሑድ ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ባለው የወንድሜ ቤት ምሳ በልተን ሳህን እያነሳሁ ነበር። ሚስቱ አራስ ጥየቃ ሄዳለች፤ እሱ ወንድ ነው፤ ታዲያ ሳህን ማን ያንሳ? ከቴሌቪዥኑ በኩል "ቲሪሪ ቲት፣ ቲሪሪ ቲት" ሲል ሰማሁ። ለወንድሜ ልጅ ከቲቪ ጋር የሚገጠም፣ የድሮ ጌሞች የታጨቁበት ትንሽ ማሽን ተገዝቶላት ኖሯል። ሳህኖቹን ይዤ ባለሁበት ቆምኩ።

"ይኼንን ጌም እኮ ብቻዬን ነው የጨረስኩት" አላት ወንድሜ፣ አፉ ውስጥ ያለውን እያላመጠ። "ቀጨኔ ውስጥ ከእኔ በፊት መጨረሻውን ያየ ልጅ አልነበረም።"

ይህን ወሬ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። በፋሲካ ይወራል፣ በሠርግ ይወራል፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተወርቷል። እስቲ አንዴ ደግሞ እኔ ልንገራችሁ።

ያኔ ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ መሐል ነበር የምንኖረው። እናታችን ብቻዋን ነበረች፤ የነርሶችንና የሕክምና ተማሪዎችን ነጭ ጋዋን እያጠበች ነው ያሳደገችን። እኔ ወንድሜን በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። ጌሙን ያመጣችልን ዓረብ አገር ትሠራ የነበረች አክስታችን ናት። ካርቶኑን ስትከፍተው ቤቱ በአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። "ለሁለታችሁ ነው፤ እንዳትጣሉበት" አለች። ወንድሜ ጆይስቲኩን አነሳ። እኔ እጄን ስዘረጋ እናታችን ከደጅ "አንቺ፣ ነይ እስቲ እጅጌውን እሺልኝ" ብላ ጠራችኝ። ሥራሽን ስትጨርሺ ትጫወቺያለሽ ተባልኩ። ጋዋን የሚያልቅ ነገር መስሏቸው ነው? ሆስፒታሉ ካልተዘጋ በቀር ጋዋን አያልቅም።

ቴሌቪዥናችን አሮጌ ነበር። ከላይ ሲሶው ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። የሰፈሩ ጠጋኝ ጀርባውን ፈቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ "ዕቃው አገር ውስጥ የለም" አለና መልሶ ገጠመው። ለዜና ችግር የለውም፤ የዜና አንባቢው ግንባር ይቆረጣል እንጂ አፉ ይታያል። ለዚያ ጌም ግን መርገም ነበር። የእኛ አውሮፕላን ከታች ሆና ወደ ላይ እየተኮሰች ትወጣለች፣ ጠላት ደግሞ ከላይ ይወርድባታል። ከላይ ጨለማ ነው። ወንድሜ ጠላቱን የሚያየው አፍንጫው ላይ ሲደርስ ነው። ሦስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ ሦስቱንም ሳይጠግባቸው ያስረክባል።

የእኔ ሳፋ ውጭ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። ከቦኖ ውኃ በጄሪካን ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ማሸት ነው። ጌሙን አላየውም፣ እሰማዋለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ፣ ቅዳሜ ሙሉውን ቀን፣ ያንኑ ዜማ። የቄስ ተማሪ መጽሐፍ ሳይገልጥ ዳዊት እንደሚደግመው ሳላስበው በቃሌ ያዝኩት። ጠላቶቹ በተራ ነው የሚመጡት፤ አንድም ቀን ተራቸውን አያዛቡም። ከየት እንደሚመጡ የነገረኝ ደግሞ ራሱ ወንድሜ ነው። በሞተ ቁጥር "ኤጭ፣ ከግራ መጣብኝ" እያለ ይራገማል። እሱ ተራግሞ ይረሳዋል፣ እኔ እይዘዋለሁ። በኋላማ በጋዋኑ እለካው ጀመር። ዜማው ሲነሳ ኮሌታውን ከጀመርኩ፣ ኮሌታው ሲያልቅ ከግራ ይመጣሉ። አንደኛው እጅጌ ላይ ዝቅ ማለት ነው። ሁለተኛው እጅጌ ላይ ድምፁ ይጎረንናል፣ ትልቁ መርከብ መጣ ማለት ነው፤ ያኔ ቆም ብሎ ማሳለፍ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ማምለጥ።

አንድ ቀን እዚያው ቦታ ላይ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሞቶ ሲነጫነጭ አላስቻለኝም። "ከግራ ናቸው እኮ፣ ደንቆሮ" አልኩት በመስኮቱ። በሚቀጥለው ጊዜ ከግራ ሲመጡ አልነኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ከሳፋው እጠራለሁ፣ እሱ ይነዳል። "ግራ… ዝቅ… አሁን ቆይ… ቀኝ።" መስኮቱ ተከፍቶ አልቆም ሲል የራሱን ጫማ አውልቆ የሚያስደግፈው እሱ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ዝም ብሎ የሚጮህን ሰው ለመስማት መስኮት በጫማ የሚያስደግፍ አለ?

የጨረስንበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንድሜ ሩቅ መድረሱ በሰፈሩ ስለተወራ የመንደሩ ወንዶች ልጆች ቤታችን ውስጥ እስከ በሩ ታጭቀዋል። በመስኮቱ የካልሲያቸው ሽታ ይወጣል። እናታችን የተተኮሰ ጋዋን ለማድረስ ወርዳለች። ገመዱ ላይ ያሰጣሁት ጋዋን ሁሉ ፀሐዩን እየመለሰ ዓይኔን ይወጋኛል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እያሸሁ እጣራለሁ። እንደዚያ ቀን ጠርቼ አላውቅም። የት እንደደረሱ፣ ምን ሊመጣ እንደሆነ፣ በጨለማው ሲሶ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከእነሱ ይልቅ እኔ አየው ነበር።

ከልጆቹ አንዱ "ይቺን ልጅ ዝም አሰኝልን፣ ረበሸችን" አለ።

ወንድሜም "ተዋት፣ እሷ ዝም ብላ ነው የምትጮኸው" አለ።

በጆሮዬ ሰማሁት። እጄ ሳፋው ውስጥ ቀረ። መዝጋት ነበረብኝ አፌን፣ እዚያው ላይ ይሙት ማለት ነበረብኝ። ግን መጨረሻው ቀርቦ ነበር፣ እኔም ሞኝ ነበርኩ፤ "ቀኝ" አልኩት። ወዲያው ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። መጨረሻው ምን እንደሚመስል ላይ ብዬ ሮጥኩ። ስሮጥ ገመዱን በትከሻዬ ጎትቼው ሦስት ጋዋን ጭቃ ላይ ወደቀ። መስኮቱ ላይ ስደርስ የሚታየኝ ጭንቅላት ብቻ ነበር። በበሩ ልግባ ስል ወንድሜን ተሸክመውት ወጡ። ቤት ስገባ ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ብቻውን "ቲሪሪ ቲት" ይላል።

እናታችን ስትመለስ ያገኘችው ጭቃ የነካ ጋዋን ነው። ጆሮዬን ይዛ "ለጌም ብለሽ? አንቺ ምን አገባሽ ከጌም?" እያለች ቆነጠጠችኝ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እሷ እየነገረችኝ ነው የጨረስኩት" እንዲል። አላለም። ጫማውን ከመስኮቱ አውርዶ አደረገና ሊጫወት ወጣ።

ከዚያ በኋላ መጥራት ተውኩ። እሱም ሁለተኛ አልጨረሰውም። በክረምቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ የማሽኑ መሰኪያ ተቃጠለ፣ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ አበቃ። ጆይስቲኩን አንድም ቀን ሳልይዘው።

አድጌም አልተወኝም። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እኔም ነጭ ጋዋን እለብሳለሁ፣ ኮሌታውን ስቆልፍ ትዝ ይለኛል። አንድ የገና ዕለት በሰው ፊት "እኔ ነበርኩ እኮ የምነግርህ" አልኩት። ሳቀ። "አንቺማ ውጭ ልብስ እያጠብሽ ነበር። በጀርባሽ አየሽው?" ሰው ሁሉ ሳቀ። እርር ድብን ብዬ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ከዚያ በኋላ ለራሴ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ሰውዬው ረስቶታል በቃ፣ እያልኩ ነው የኖርኩት። ረስቶት ከሆነ ክፋት አይደለም ብዬ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ወንድሜ ጉራውን ጨርሶ እጁን ሊታጠብ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሞታ ስለሰለቻት "አክስቴ፣ አንቺ ሞክሪ" ብላ ጆይስቲኩን ሰጠችኝ። ሳህኑን አስቀምጬ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ያዝኩት። ቀላል ነው፣ እንደ መጫወቻ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ያክላል፣ ከላይ እስከ ታች ብርሃን ነው። ጠላቶቹ ከላይ ብቅ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። ከሩቅ፣ ቀስ ብለው፣ ትንንሽ ሆነው ነው የሚመጡት። እዚህ ቲቪ ላይ የሚጠራ ሰው አያስፈልግም። ግን ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ሁለቴ ሞትኩ። አንድ ነፍስ ቀረችኝ።

ዜማው እንደገና ተነሳ። ከኮሪደሩ የቧንቧው ውኃ ይሰማል። ከውኃው ጋር የወንድሜ ድምፅ መጣ።

"ግራ…"

ከግራ መጡ። አመለጥኩ።

"ዝቅ… አሁን ቆይ…"

የእኔ ቃል ነው። "ቆይ"ን እንዴት አድርጌ እንደምጎትተው እንኳን አልተወም። ከእሱ እስከ ቴሌቪዥኑ ሁለት ግድግዳ አለ። ያየው ነገር የለም፤ በዜማው ነው የሚያውቀው፣ ዜማውን ደግሞ ከእኔ ድምፅ ጋር ነው የያዘው። ረስቶ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ እያወቀ ነበር። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እንባው ራሱ ይብሱን አናደደኝ።

"አክስቴ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አለችኝ ልጅቷ።

"ተይው" አልኳት፣ እሱ እንዲሰማ አድርጌ። "እሱ ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው።"

ቧንቧው ተዘጋ። ልጅቷ እኔን አየች፣ በሩን አየች። ያኔ ገባኝ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር እሱም አልረሳውም። የጌሙ ድምፅ ጎረነነ፣ ትልቁ መርከብ ከላይ ወርዶ ስክሪኑን ሞላው፣ እኔም ጆይስቲኩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

"ቀኝ" አለ ወንድሜ ከግድግዳው ጀርባ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ወደ ቀኝ ሄድኩ።