ገንዳውን ያጸዳው ሰው

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እኛ ግን መሥሪያ ቤት «ጋሼ» ነበር የምንለው። ሃያ ሁለት ዓመት በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የገንዳ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ከተማው ከመጸዳጃ ቤትና ከኩሽና የሚለቀው ሁሉ በቱቦ ተጉዞ እሱ እጅ ላይ ይወድቃል። «የት ነው የምትሠራው?» ሲሉት «ውሃ ላይ» ብሎ ይቆርጠዋል። ውሸት አይደለም። የቀረውን ሰፈርተኛው በራሱ ሞላና ኢንጂነር አደረገው፤ እሱም አላረመም። ከሥራ ሲወጣ ሁለቴ ይታጠባል፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቦታ ካላገኘ ቀጣዩን ይጠብቃል።

እኔ እዚያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በትልቁ ገንዳ ውስጥ ዋናውን ሥራ የምንሠራው እኛ አይደለንም። በዓይን የማይታዩ፣ አብዛኞቹ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆኑ ፍጥረታት ናቸው። ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ታች ሲዘቅጡ ከላይ የጠራ ውሃ ይቀራል። የኛ ድርሻ አየር እየነፋን እነሱን በሕይወት ማቆየት ነው። ለዚህ ነው ጤነኛ ገንዳ ቡናማ የሚሆነው፤ አረፋም ያወጣል፣ ይሸታልም።

የጋሼ አንድ ልጁ የባዮሎጂ መምህርት ናት። አንድ ቀን «አባዬ፣ ተማሪዎቼን አንተ ጋ ላመጣቸው ነው» አለችው።

«ምን ሊያዩ?»

«ሕይወት ያለው ነገር። በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ እኮ ሰለቻቸው።»

እንቢ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ የጎረቤቶቹ ልጆች ነበሩ።

በዋዜማው ከሰዓት ብቻውን ተረኛ ነበር። ገንዳው ዳር ቆሞ አረፋውን አየ፣ ሽታውን ማገ። ሕፃናቱ አፍንጫቸውን ይዘው ልጁን ሲያዩዋት ታየው። መጋዘን ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣውን ውሃ የምናክምበት፣ ጀርም የሚገድል ስድስት በርሜል ክሎሪን አለ። ስድስቱንም አንድ በአንድ አንከባሎ ገንዳው ውስጥ ገለበጣቸው። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሲገለብጥ የነበረው ሐሳብ «ቢያንስ ለአንድ ቀን ንጹሕ ይምሰል» የሚል ነበር።

በማግስቱ አርባ ተማሪዎች ግር ብለው ገቡ። መምህርቷ ክንዱን ይዛ «ይሄ አባቴ ነው። ከተማው የሚተነፍሰው በሱ ነው» አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ጫማውን ያያል።

ከገንዳው አንድ ጠብታ ወስጄ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁ። ሌላ ጊዜ በቀጭን ዘንግ ላይ የተተከሉ ደወል የሚመስሉ ፍጥረታት አፋቸውን ከፍተው ሲመገቡ ይታያሉ። አንዲት ልጅ አጎንብሳ ቆየችና «ቲቸር፣ ምንም አይንቀሳቀስም» አለች።

«ተኝተው ይሆናላ!» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

ሦስት ጊዜ ጠብታ ቀየርኩ። ሁሉም ሞተዋል። የመምህርቷ ፊት ቀላ።

ኃላፊያችን እየሮጠ መጣ። «ማነው መርዝ የለቀቀብን?»

እኔም አፌን ምን አሮጠው? «ትናንት ቦቴ የተቀበለው ሬዲዮ ነው» አልኩ። ሬዲዮ የምንለው በር ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ መጣጭ መኪኖችን የሚቀበለው ባልደረባችን ነው፤ ወሬ ስለማያልቅበት ነው ስሙ የወጣለት። የፋብሪካ ኬሚካል ጭኖ የመጣ ቦቴ አስገብቶ ይሆናል ብዬ ነበር የጠረጠርኩት። መጋዘን ገብቼ በርሜል መቁጠር እንኳ አልመጣልኝም።

«በእናቴ! ሁለት ቦቴ ነው የተቀበልኩት፣ ሁለቱም የመኖሪያ ቤት ናቸው!» አለ ሬዲዮ። ሰሚ አላገኘም። ተማሪዎቹ ፊት ባጁን አስፈትተው ከሥራ አባረሩት። ጋሼ አጠገባቸው ነበር፤ ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲያ ገንዳው በእውነት ገማ። ያልተጣራው ፍሳሽ ወንዝ ገባ፤ ከታች አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች ውሃውን እንዳይነኩ ተነገራቸው። ሽታው ሰፈሩ ድረስ ዘለቀ። «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ከየት ነው?» ይሉታል። «እንጃ» ይላል።

በአምስተኛው ቀን ልጁ ልብስ ስታሰጣ የሥራ ሱሪው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየች።

«አባዬ፣ ምን ነክቶት ነው?»

«ክሎሪን።»

ሱሪውን እንደያዘች ቁጭ አለች። መምህርት ናት፤ ማስረዳት አላስፈለገውም።

«ለምን?»

«እንዳታፍሪብኝ ብዬ።»

«እኔ መቼ አፈርኩብህ?»

ከሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያፈረችበትን አንድ ቀን ቢፈልግ አጣ። ያፈረው እሱ ብቻ ኖሯል።

«ያ የተባረረው ሰውዬስ?» አለችው ቀስ ብላ።

በነጋታው ጋሼ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ የሠራውን ቆሞ ተናገረ፤ ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሬዲዮ ቤት ሄደ። ሬዲዮ በሩን ከፍቶ እስኪጨርስ ሰማው። «ከተባረርኩ አምስት ቀን ቆጥሬያለሁ» አለው፣ «ሌላ ምንም የምልህ የለኝም።» በሩን ግን አልዘጋበትም። ጋሼ ራሱ ነው ዞሮ የሄደው።

እኔም ሬዲዮን ይቅርታ ለመጠየቅ ሳምንት ፈጀብኝ። ጋሼን ለመውቀስ የሚያስችል አፍ የለኝም።

ከሌላ ከተማ ጣቢያ ሕይወት ያለው ዝቃጭ በቦቴ አስመጥተን ገንዳው ውስጥ ጨመርን። ፍጥረታቱ ተራብተው ገንዳውን እስኪሞሉት ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ጋሼ ከቁጥጥር ተነሥቶ መግቢያው ላይ ጨርቅና ላስቲክ የሚይዘውን ወንፊት ጠራጊ ሆነ። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ቅጣቱ ያነሰበት ይመስል ነበር። ሬዲዮ በሩ ላይ ተመልሷል፤ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ከዚያ አያልፍም።

መምህርቷ ተማሪዎቿን ዳግመኛ ስታመጣ ጋሼ ቀረት እንዲል ፈቀድንለት፤ እሱ ግን መጣ። ባልዲውን አስቀምጦ ልጆቹ ፊት ቆመና «ያን ቀን እነዚያን ፍጥረታት የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው ሲቀጣበት ዝም አልኩ» አለ። ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ከልጆቹ አንዱም አልሳቀም። ከጎረቤቱ ልጆች አንደኛዋ እጇን አውጥታ ምን ያህል ክሎሪን እንደፈጀ ጠየቀችው፤ እሱም ነገራት።