ስሟ ያልተነገረ ወፍ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሕይወት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አልጋዬ ራስጌ የተከመሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ትንሽ መንደር አለ፣ የጠፋ ዕቃ ወይም የሞተ ሰው አለ፣ ፖሊስ ያልሆነች ግን ነገር የማያመልጣት አንዲት ሴትዮ አለች። ሕይወት ሳቀች።

«አክስቴ፣ ሰው የተገደለበትን መጽሐፍ እያነበብሽ እንቅልፍ እንዴት ይወስድሻል?»

«እሱማ ጥሩ አድርጎ ነው የሚወስደኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። የዘንድሮ ልጅ ጠይቆ መልስ አይጠብቅም። እኔ ግን ከሄደች በኋላም ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። እያሰብኩ እያሰብኩ የእትዬ በላይነሽ ግቢ ደረስኩ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እኔ ከኮላ ድባ፣ ዘነብ ከዛሪማ መጥተን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። አከራያችን እትዬ በላይነሽ ባላቸው የሞተ፣ ምላሳቸው ኃይለኛ፣ እጃቸው ግን ለጋስ የሆነ ሴት ነበሩ። ወጥ ከሠሩ አንድ ጭልፋ ሳያቀምሱን አይውሉም። ከእኛ ሌላ አንዲት የሹፌር ሚስት፣ ትርንጎ፣ እና ካሳ የሚባል ወጣት አስተማሪ እዚያው ግቢ ተከራይተዋል።

እትዬ በላይነሽ ሲወጡ የቤታቸውን ቁልፍ የሚሰጡት ለዘነብ ነው። ለእኔ አይሰጡም። «አንቺ መጽሐፍ ከያዝሽ ቤቱ ቢቃጠል ጭሱ ነው የሚነግርሽ» ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ፒያሳ መጽሐፍ የሚያከራይ አንድ ሰውዬ ነበረና የሌባና የገዳይ ታሪክ ከእሱ እየተዋስኩ ዓይኔ እስኪቀላ አነብ ነበር። ዘነብ ደግሞ የምታነበው የትምህርቷን ብቻ ነው። አባቷ ባል አዘጋጅቶላት፣ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ ያስታገሠላት ታላቅ ወንድሟ ደጀን ነበር። ለማትሪክ የቀረን ጥቂት ወራት ነው። ደጀን በየጊዜው ስንቅ ይዞ ሲመጣ እህቱን ከላይ እስከ ታች ያያታል። አንዲት መጥፎ ወሬ ከሰማ ትምህርቷ እንደሚያበቃ እሷም እኔም እናውቃለን።

ጊዜው የካቲት ነበር፤ አቧራው አፍ ውስጥ የሚገባበት፣ እናቴ ከኮላ ድባ የሽምብራ እሸት የምትልክልኝ ወቅት። ሐሙስ ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። የሞቱት እትዬ እንጉዳይ ናቸው፣ የእትዬ በላይነሽ የልጅነት ባልንጀራ። እትዬ በላይነሽ ከቤት ወጥተው ግቢው መሐል ቆሙ። የሚያደርጉት ጠፋባቸው። ጥቁር ጥለት ያለውን ነጠላቸውን አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሼ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ቁልፉን ለዘነብ ሰጧት። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና፣ የጠዋቷ ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፋ፣ «ዶሮዎቹን አደራ» ብለውን ሄዱ።

ዓርብ ማታ እትዬ በላይነሽ ከለቅሶው ተመልሰው ሲገቡ ከቤታቸው ጩኸት ተሰማ። እናታቸው ያወረሷቸው የወርቅ ጉትቻ ከሳጥኑ ውስጥ የለም። ለቅሶ ቤት ወርቅ አድርጎ መሄድ ነውር ነውና፣ ሁልጊዜ ከመውጣታቸው በፊት አውልቀው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡታል። ቁልፉ ደግሞ የዋለው ዘነብ ጋ ነው።

«እኔ ቤቱን እንኳ አልከፈትኩም፣ እትዬ» አለች ዘነብ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ፊቷን ሳያዩ። «ነገ ወንድምሽ ይመጣ የለ? በእሱ ፊት ይለያል።»

ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ግቢው ተዘጋ። እትዬ በላይነሽ የዕድሩን ዳኛ አያ ተገኘን ጠርተው አውጫጭኝ አስቀመጡን። አውጫጭኝ የባላገር ሕግ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይለይ ማንም አይነሳም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ከዚያ እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌው ሄዶ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። እሳቸውም «ወፏ እንዲህ አለች» ይላሉ እንጂ ማን እንደነገራቸው አይናገሩም። በመጽሐፎቼ መጨረሻ ላይ ሰዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ሰብስቦ ጥፋተኛውን ማውጣት የተለመደ ነው፤ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። ከተቀማጮቹ አንዷ ስሆን ግን አልወደድኩትም። ሌባው ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም። አብሮን የሚበላ ሰው ነው፤ ወይም ሌባ ነው ተብሎ የሚጠራው።

አያ ተገኘ ከኮኩ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኛ ፀሐይ ላይ፣ መሬት ላይ ነን። ትርንጎ ሄዳ ተመለሰች፤ ካሳም ሄዶ ተመለሰ። የእኔ ተራ ደረሰና ጎንበስ አልኩ።

«ዘነብ አልወሰደችም፣ አያ ተገኘ።»

«በምን አወቅሽ?»

«አብሬያት እኖራለሁ።»

«ሸጋ ቃል ነው፣ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሂጂ ልጄ።»

ሁሉም ካበቃ በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወፏ ዘነብን ጠርታለች» አሉ።

ዘነብ አላለቀሰችም። በጣቷ መሬቱን መጫር ጀመረች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ትርንጎ «እግዚኦ» አለች፣ ካሳ ሰዓቱን አየ። የዛሪማው አውቶቡስ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ደባርቅን አልፎ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከአናታችን ዘንበል ብላለች። ደጀን በዚያ በር ሲገባ እህቱ በሌብነት ተቀምጣ ሊያያት ነው። በዚያው አውቶቡስ ይዟት እንደሚመለስ ታየኝ።

የማነባቸው ሴትዮዎች እንዲህ ሲጨንቃቸው ማን ክፉ ነው ብለው አይጠይቁም። ያን ቀን ከወትሮው የተለየው ምንድን ነው ብለው ነው የሚጠይቁት። ዓይኔን ከዘነብ አንስቼ እትዬ በላይነሽን አየሁ። ያን ዕለት ሠልስት ስለነበር የለቅሶውን ነጠላ እንዳዘቀዘቁ ነው። ላባቸውን ሊጠርጉ ጥለቱን ወደ ግንባራቸው ሳቡት። ቤት ውስጥ ቢሆን ጥቁር ይመስላል። ፀሐዩ ላይ ግን ሰማያዊ ነው፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ።

ሐሙስ ያለበስኳቸው ጥቁር ነበር። በእጄ ነው ያስተካከልኩት።

«አያ ተገኘ፣ እትዬን አንድ ነገር ልጠይቅ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«ምነው፣ አንቺ ደግሞ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «በዚያ በሌባ መጽሐፍሽ እኔን ልትመረምሪኝ ነው?»

«ተያት በላይነሽ» አሉ ሽማግሌው። «ትጠይቅ።»

«እትዬ፣ የለበሱት ነጠላ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የኔ ነዋ።»

«የእርስዎ ጥለቱ ጥቁር ነው። ይሄ ሰማያዊ ነው።»

ከትከሻቸው አውርደው ወደ ብርሃኑ ያዙት። አገላበጡት። «ለቅሶው ቤት ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር» አሉ። «የሰው ነጠላ ሁሉ እዚያ ነበር የተሰቀለው።»

«ጉትቻውንስ የት ነው ያወለቁት?»

«ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬ ነው የሄድኩት። ሁልጊዜ የት አደርገዋለሁ?»

«ሐሙስ በሩ ላይ ዞር ብለው ዶሮዎቹን አደራ ሲሉን ጆሮዎ ላይ ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት አይቼዋለሁ።»

እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፤ ከዚያ ሳያስቡት ወደ ነጠላው ጫፍ። ሴቶቻችን ሳንቲሙንም ቁልፉንም የሚቋጥሩት እዚያ ነው። «እንጉዳይ ደጅ ስደርስ...» አሉ። «አንዷ የጆሮሽን አውልቂ ያለችኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። አስከሬኑን አየሁ።»

አያ ተገኘ ሰማያዊውን ነጠላ አስይዘው ካሳን ወደ ለቅሶው ቤት ላኩት። እሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ደጀን ነበር፣ ስንቁን በጆንያ ተሸክሞ፣ የመንገድ አቧራ ቅንድቡ ላይ። መሬት የተቀመጥነውን አየና ደነገጠ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

ዓይኑ እህቱ ላይ አረፈ።

«አንቺ ምን አድርገሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

ዘነብ ቀና አላለችም። ሽማግሌው «ጆንያህን አውርድና አረፍ በል ልጄ» አሉት፤ አላወረደም። ጉትቻው እዚያ ባይኖርስ? አንዷ ፈትታ ወስዳው ቢሆንስ? ያን ጊዜ የእኔ ብልጠት ሁሉ ለዘነብ ምን ያደርግላታል? እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ካሳ የታጠፈ ነጠላ ይዞ እየሮጠ መጣ። የሟቿ የእህት ልጅ የራሷ መስሏት ወስዳ፣ ዛሬ ለሠልስቱ ልትለብሰው ገና ሳትገልጠው አስቀምጣው ነበር። ጥለቱ ጥቁር ነው። አንደኛው ጫፉ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ አለች። ቋጠሮዋ ጠብቃ ስለነበር አያ ተገኘ በጥርሳቸው ፈቷት። ሁለቱም ጉትቻዎች ወጡ።

እትዬ በላይነሽ ዘነብ ጉልበት ላይ ወደቁ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሐዘኑ ነው ያሳወረኝ» እያሉ አለቀሱ። ዘነብ አነሣቻቸው፤ እጃቸውንም ሳመች። ሽማግሌው ለደጀን ሁሉንም ነገሩት። እሱም አዳመጠና ጆንያውን አወረደ። «አባታችን አይሰማም» አላት። «ፈተናሽን ተፈተኚ።» እኔ ጓዳ ገብቼ ተንሰቀሰቅኩ።

መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እትዬ በላይነሽም ዶሮ አርደው አበሉን። ዘነብ ግን ማዕድ ከመቅረቧ በፊት ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አያ ተገኘ፣ ወፏ ማን ነበረች?»

«ወፍ ስም የላትም ልጄ።»

ዞራ አየችን። ትርንጎን፣ ካሳን፣ በመጨረሻ እኔን። በማግስቱ በር ላይ ተቀምጠን እሸት ስንፈለፍል፣ «አንቺስ ምን አልሻቸው?» አለችኝ። «አልወሰደችም ነው ያልኩት» አልኳት። «እሺ» አለች። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትንሽ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች። ተቆልፎ የማያውቀው ሳጥኗ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቆለፈ።

ፈተናውን አለፈች። ነርስ ሆና ደባርቅ ዕድሜዋን አገለገለች፣ ልጆችም አሳደገች። አያ ተገኘ የዚያችን ወፍ ስም ይዘው ከተቀበሩ ቆይተዋል።

ሕይወት መልሱን ብትጠብቅ ኖሮ ይህን ነበር የምነግራት። በእነዚህ መጻሕፍት ማን ምን እንዳለ መጨረሻው ገጽ ላይ ይታወቃል፤ ያልበደለም ሰው አለመበደሉ በሁሉ ፊት ይነገርለታል። መብራቴን አጥፍቼ የምተኛው ለዚህ ነው።

ዘነብ ጎንደር በመጣች ቁጥር እኔ ጋ ነው የምታርፈው። አሁንም እንደ እህት ነን። ስትሰናበተኝ በሩ ላይ ትቆምና፣ «አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ እኮ» ትለኛለች። እኔ ጠይቄያት አላውቅም።